ስለ ቤት ውኃ ጥበቃና ስለ ቧንቧ ጉዳት

ለከተማ ነዋሪዎችና ለአስተዳደር ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በስዊሱ መሐንዲስ በሙሴ ኢልግ መሪነት ውኃ ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥቱ በቧንቧ ተስቦ በገባ ጊዜ ሕዝቡ እጅግ ተደንቆ ነበር። ዛሬ ቧንቧ መደነቂያ መሆኑ ቀርቶ የዘወትር ዕቃ ሆኗል። የዘወትር የሆነ ነገር ደግሞ ጠባቂ ያጣል። ግድቡን መንግሥት ይጠብቀዋል፤ በመንገድ ሥር የተቀበረውን ትልቁን ቧንቧ የውኃ መሥሪያ ቤቱ ይጠብቀዋል፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለውን ግን ተከራዩ ባለቤቱን፥ ባለቤቱ ተከራዩን፥ ሁለቱም መሥሪያ ቤቱን ሲጠባበቁ ውኃው ይፈስሳል፥ ግድግዳውም ይረጥባል።

የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ ጠባቂ ያጣ ውኃ የማን እንደ ሆነና በምን ዘዴ እንደሚጠበቅ ማስረዳት ነው። ለምሳሌ የተመረጠው በናይሮቢ ከተማ በምሥራቅ በኩል የሚገኘው ኢምባካሲ የተባለው ክፍል ነው። ምክንያቱም ሦስት ነው። አንደኛ፥ መሬቱ በአዲስ አበባ በቦሌና በአቃቂ ቃሊቲ በኩል እንደሚገኘው ያለ ጥቁር መረሬ ነው። ሁለተኛ፥ ውኃው እንደ አዲስ አበባ ውኃ በፈረቃ የሚታደል ነው። ሦስተኛ፥ ሕዝቡ በብዛት በፎቅ ላይ በኪራይ ቤት የሚኖር ነው። እንግዲህ በዚያ የሚደርሰው ጉዳት በኢትዮጵያ ከተሞችም የሚደርስ ነው፤ በዚያ የሚጠቅመውም ዘዴ በኢትዮጵያ ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የኢምባካሲ ውኃ ከየት ይመጣል

ናይሮቢ የሚለው ስም ከማሳይ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው ቀዝቃዛ ውኃ ማለት ነው። ከተማዋ በ1899 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሠፈር ሆና ስትቆረቆር በአጠገቧ ያለው ወንዝ ይበቃት ነበር። ሕዝቡ እየበዛ በሄደ ጊዜ ግን ውኃውን ከሩቅ መሳብ ግድ ሆነ። መጀመሪያ ከኪኩዩ ምንጮች፥ ቀጥሎ ከሩይሩና ከሳሱምዋ ግድቦች፥ ከዚያም በ1994 ሥራው ከተፈጸመው ከንዳካይኒ ግድብ ውኃ መጣላት። የንዳካይኒ ግድብ 70 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይይዛል፤ የከተማዋም ውኃ አብዛኛው ከእርሱ የሚመጣ ነው። ግድቡ ከናይሮቢ በስተሰሜን፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ውኃው ቁልቁል ወርዶ በንጌቱ ይጣራል፤ ከዚያም በጊጊሪ ወዳሉት ማጠራቀሚያዎች ይሄዳል።

ኢምባካሲ ከእነዚህ ማጠራቀሚያዎች ርቆ በምሥራቁ ሜዳ ላይ የተቀመጠ ነው። በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ የታወቀው በ1958 በተከፈተው የአውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ማረፊያው በ1978 የጆሞ ኬንያታ ስም ተሰጥቶታል። ቀድሞ ባዶ ሜዳ የነበረው አካባቢ ዛሬ ታሲያ፥ ፓይፕላይን፥ ኡሞጃ፥ ካዮሌ በሚባሉ ሠፈሮችና በፎቅ ቤቶች ተሞልቷል።

ዝናብ በማነሱ የንዳካይኒ ውኃ በጎደለ ጊዜ፥ ከ1917 ሳይሆን ከቅርቡ ከ2017 ዓመት መባቻ ጀምሮ የናይሮቢ ውኃ በፈረቃ እንዲታደል ተደረገ። ከዚያም ወዲህ ፈረቃው የከተማዋ ልማድ ሆነ። ስለዚህ በኢምባካሲ የሚገኝ የፎቅ ቤት ከመሬት አንድ ማጠራቀሚያ፥ ከጣሪያ ላይ ሌላ ማጠራቀሚያ፥ በመካከላቸውም ውኃ የሚገፋ ሞተር ይኖረዋል። ይህን ለማድረግ አቅም የሌለው ሰው ምኮኮቴኒ ከሚባለው በእጅ ከሚገፋ ጋሪ ላይ በጀሪካን ይገዛል። ውኃ በገንዘብ የሚገዛበት ቦታ ውኃ በቸልታ የሚፈስስበትም ቦታ መሆኑ የሚያሳዝን ነው።

ጉዳቱ ከየት ይነሣል

የመጀመሪያው ምክንያት አፈሩ ነው። እንግሊዞች ጥቁር የጥጥ አፈር የሚሉት፥ የኢትዮጵያ ገበሬ መረሬ ወይም ዋልካ የሚለው አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። በውስጡ የተቀበረ ቧንቧ ከአፈሩ ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ ስለሚል በመጋጠሚያው ላይ ይላቀቃል። ቧንቧው ከተላቀቀ በኋላ የሚፈስሰው ውኃ ደግሞ ያንኑ አፈር በአንድ በኩል ብቻ ያሳብጠዋል። በዚህ ጊዜ የቤቱ መሠረት እኩል ሳይሆን ይነሣል፤ ግድግዳው ይሰነጠቃል፥ በሩም አልገጥም ይላል። ባለቤቱ አናጺ ጠርቶ በሩን ያስልጣል፤ ጥፋቱ ግን ከበሩ አይደለም፥ ከመሬት በታች ከተላቀቀው ቧንቧ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ፈረቃው ራሱ ነው። ቧንቧ ባዶ ሲሆን አየር ይሞላል፤ ውኃው ተመልሶ ሲመጣ ያንን አየር በኃይል ይገፋዋል። በቤት ውስጥ እንደ መዶሻ ምት የሚሰማው ድምፅ ከዚህ የሚመጣ ነው። ምቱ በየሳምንቱ ሲደጋገም የደከመውን መጋጠሚያ ይከፍተዋል። ከዚህም ሌላ ውኃ የለም ተብሎ ክፍት የተተወ ቧንቧ አለ። ቤተ ሰቡ በተኛበት ሌሊት ወይም ወደ ሥራ በሄደበት ቀን ውኃው ሲመጣ ምንጣፉንና አልጋውን ያበሰብሳል፤ ከታች ያለውን የጎረቤት ጣሪያም ያዘንበዋል። በፎቅ ቤት ከሚነሡት ጠቦች ብዙዎቹ የሚጀምሩት ክፍት ከተረሳ ቧንቧ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የዕቃውና የሥራው ጥራት ነው። የዚንክ ቅብ ያለው የብረት ቧንቧ ከዘመን ብዛት ከውስጥ ይዝጋል። በናይሮቢ ምሥራቅ በብዙ ቦታ ከጉድጓድ የሚወጣው ውኃ ጨዋማ ስለ ሆነ ብረቱን ቶሎ ይበላዋል፤ በመዝጊያዎችም ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። የፕላስቲክ ቧንቧ አይዝግም፤ ነገር ግን ሳይሸፈን በጣሪያ ላይ ለብዙ ዓመት ፀሐይ ከመታው ይደርቅና በቀላሉ ይሰበራል። ርካሽ ጎማ የገባበት መዝጊያም ጥቂት ወራት ሳይቆይ ማንጠባጠብ ይጀምራል።

የጥፋቱ ልክ

ብዙ ሰው ጠብታን ይንቃል። ስለዚህ ሒሳቡን ማየት ይጠቅማል። በአንድ ሰከንድ አንድ ጊዜ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በአንድ ቀን 86,400 ጊዜ ያንጠባጥባል። አራት ጠብታ አንድ ሚሊሊትር ይሆናል ቢባል፥ በቀን 21 ሊትር ከግማሽ ይፈስሳል ማለት ነው፤ ይኸውም አንድ ጀሪካን ሞልቶ የሚተርፍ ነው። በወር ከ30 ጀሪካን በላይ ይሆናል። ጎረቤቱ በጋሪ ተገፍቶ የመጣውን ጀሪካን በገንዘብ ሲገዛ፥ ይህኛው ቤት ያንኑ ያህል በየቀኑ ያለ ዋጋ ይደፋዋል።

ግፊት ባለበት ቧንቧ ላይ ያለ ቀዳዳ ከዚህ ይከፋል። ስፋቱ 2 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ፥ ማለት የክብሪት እንጨት የማያሳልፍ ቀዳዳ፥ ውኃው ከ30 ሜትር ከፍታ የሚወርድ ያህል ግፊት ካለው በቀን ወደ 4,000 ሊትር ያፈስሳል። ይህም 200 ጀሪካን ነው። የመጸዳጃ ቤት ማጠራቀሚያ ጎማው ሳይገጥም ቀርቶ በዝምታ ሲያፈስ ደግሞ በቀን ጥቂት መቶ ሊትር ሊያባክን ይችላል፤ ድምፁ አነስተኛ ስለ ሆነ የወሩ ሒሳብ እስኪመጣ ድረስ ማንም አያውቀውም።

በኬንያ የውኃ ድርጅቶች አጣርተው ከሚያሠራጩት ውኃ ባለፉት ዓመታት ከመቶው ከ40 እጅ በላይ ዋጋው ሳይሰበሰብ ቀርቷል። ይህ ሁሉ የፈሰሰ አይደለም፤ የተሰረቀና በተበላሸ ቆጣሪ ሳይቆጠር ያለፈም አለበት። ቢሆንም ከተራራ ተስቦ፥ ተጣርቶና መድኃኒት ተጨምሮበት ከሚመጣው ውኃ ይህን ያህል ሲጠፋ፥ አዲስ ግድብ ከመሥራት አስቀድሞ አሮጌውን ቀዳዳ መድፈን እንደሚቀድም ግልጽ ነው።

የሚያወጣ ቀዳዳ ያስገባል

ከገንዘቡ ጉዳት ይልቅ የሚያሠጋው የጤናው ጉዳት ነው። ቧንቧ ውኃ ሞልቶበት ግፊት ሲኖረው ቀዳዳው ወደ ውጭ ያፈስሳል። ፈረቃው አልፎ ቧንቧው ባዶ ሲሆን ግን ያው ቀዳዳ በዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል። ቧንቧው ከቆሻሻ መውረጃ ቦይ አጠገብ ወይም በቦዩ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ የሚሳበው ቆሻሻ ነው። በሚቀጥለው ፈረቃ ውኃው ሲመጣ ይህን ቆሻሻ ተሸክሞ ይገባል፤ የሚገባውም ቀዳዳው ወዳለበት ቤት ብቻ አይደለም፥ በመስመሩ ላይ ወዳሉት ቤቶች ሁሉ ነው።

ከኢምባካሲ ደቡብ በሚገኘው ሙኩሩ ክዋ ንጄንጋ በተባለው ድኃ ሠፈር ቀጫጭን የፕላስቲክ ቧንቧዎች በቦይ ውስጥ ተጋድመው ወደ መሸጫዎች ውኃ ሲያደርሱ ኖረዋል። የናይሮቢ አስተዳደር በ2017 የሙኩሩን ሠፈሮች ልዩ የፕላን ክልል አድርጎ ያወጀው ከሌሎች ችግሮች ጋር ይህንንም የውኃና የፍሳሽ ችግር ለማስተካከል ነው። በዚያው ዓመት ኮሌራ በናይሮቢ ተነሥቶ ነበር። የኮሌራ መንገዱ ብዙ ነው፤ የተበከለ ውኃ ግን ከዋነኞቹ አንዱ መሆኑን ማንም ሐኪም ይመሰክራል። ስለዚህ በፈረቃ ውኃ በሚታደልበት ከተማ ቀዳዳን መድፈን የንብረት ጥበቃ ብቻ ሳይሆን የጤና ጥበቃ ነው፤ የራስን ቤት መጠበቅም የጎረቤትን ልጅ መጠበቅ ነው።

ባለቤትና ተከራይ ሊያደርጉት የሚገባ

አበው ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። የቧንቧ ጥበቃ አብዛኛው ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም።

አንደኛ፥ በቤቱ የሚኖር ሰው ሁሉ፥ ልጆችና የቤት ሠራተኞችም ጭምር፥ ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ ይወቅ። ቧንቧ በፈነዳ ጊዜ ቤቱን የሚያድነው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የተዘጋ መዝጊያ ነው፤ የቧንቧ ሠራተኛው የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ለብዙ ጊዜ ያልተነካ መዝጊያ ስለሚደርቅ በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ዘግቶ መክፈት ይገባል።

ሁለተኛ፥ ውኃ በጠፋ ጊዜ ቧንቧ ከፍቶ መተው ፈጽሞ ይቅር። ውኃ መምጣቱን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከባልዲ በላይ ያለውን አንዱን ብቻ፥ እርሱንም በቦታው ሳለ ይክፈት። ከቤት ሲወጣና ሲተኛ ሁሉንም በእጁ ነክቶ ይመርምር። የፈረቃው ውኃ ሲመጣም ዋናውን መዝጊያ በዝግታ ይክፈት፤ አየሩ ተንፍሶ እስኪያልቅ ድረስ አንዱን ቧንቧ በትንሹ ከፍቶ ይቆይ። የመጀመሪያውን ውኃ ለመጠጥ አያውለው፤ ለመጸዳጃና ለወለል ማጠቢያ ያድርገው።

ሦስተኛ፥ ቆጣሪው ይጠየቅ። በፈረቃው ቀን ማጠራቀሚያዎቹ ከሞሉ በኋላ ቧንቧዎች ሁሉ ተዘግተው የቆጣሪው ቁጥር በወረቀት ይጻፍ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ይታይ። ማንም ሳይጠቀም ቁጥሩ ከጨመረ በመካከሉ የሚፈስስ አለ። ከጣሪያው ማጠራቀሚያ ወደ ቤቱ የሚወርደውን መስመር ለመመርመር ደግሞ ማታ የውኃው ከፍታ በኖራ ምልክት ተደርጎበት ጠዋት ይታያል። በመጸዳጃ ቤቱ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጥቂት የቀይ ሥር ጭማቂ ጨምሮ ሩብ ሰዓት መጠበቅም መልካም ነው፤ ቀለሙ ሳይለቀቅ ወደ መቀመጫው ከወረደ ጎማው መለወጥ አለበት።

አራተኛ፥ ማጠራቀሚያው በየጊዜው ይታይ። በኢትዮጵያ ሕዝቡ ሮቶ የሚለው የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ሲሞላ ውኃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ነው። ኳሱ ሲቀደድ ወይም ክንዱ ሲጣበቅ ውኃው ሌሊቱን ሙሉ ይትረፈረፋል። የትርፍ ውኃ መውጫው ወደ ተሰወረ ቦይ ሳይሆን ሰው በሚያየው በኩል ይዙር፤ ጉድለቱን የሚናገረው እርሱ ነውና። የማጠራቀሚያው ክብደትም አይናቅ። 1,000 ሊትር ውኃ አንድ ቶን ይመዝናል፤ ባለ 10,000 ሊትሩ ሲሞላ 10 ቶን ነው። እንዲህ ያለው ሸክም በምሰሶና በወራጅ ላይ በተሠራ ጠፍጣፋ መደብ ላይ መቀመጥ አለበት እንጂ በቀጭን ጣሪያ ላይ በድንጋይ ተደግፎ መቆም የለበትም።

አምስተኛ፥ የፍሳሽ መውረጃም ቧንቧ ነው። የወጥ ዘይት፥ የቡና አተላና የምግብ ትራፊ በዕቃ ማጠቢያው ሲደፋ በመውረጃው ውስጥ ይረጋና ይደድራል፤ ኋላም የላይኛው ፎቅ ቆሻሻ በታችኛው ቤት ወለል ላይ ይወጣል። ዘይቱ በወረቀት ተጠርጎ ከደረቁ ቆሻሻ ጋር ይጣል።

ስድስተኛ፥ ኤሌክትሪክና ውኃ አይቀራረቡ። በናይሮቢ ቤቶች በገላ መታጠቢያው ራስ ላይ የሚገጠም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የተለመደ ነው። ከእርሱ የሚያንጠባጥብ ውኃ ወይም ሲነኩት የሚነዝር ስሜት ካለ፥ መብራቱ ከቆጣሪው ተቋርጦ ባለሙያ ይጠራ። በዚህ ነገር ነገ የሚባል ቀጠሮ የለም።

ቧንቧ በመረሬ መሬት ውስጥ የሚቀበር ከሆነ ጉድጓዱ ሰፋ ተደርጎ ከቧንቧው በታችና በላይ አሸዋ ይነጠፍበት፤ አፈሩ ሲያብጥና ሲሸሽ አሸዋው ይችለዋል። በግድግዳ ውስጥ የሚያልፈውም በሲሚንቶ ከመታነቅ ይልቅ ሰፋ ባለ ሌላ ቧንቧ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረግ። የቧንቧ ሠራተኛ በኬንያ ፉንዲ ይባላል፤ በዚያም ሆነ በኢትዮጵያ ጥሩ ሠራተኛ የሚታወቀው ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት መስመሩን ውኃ ሞልቶ፥ በግፊት ፈትኖ ለባለቤቱ በማሳየቱ ነው። ሳይፈተን የተለሰነ ቧንቧ ኋላ ግድግዳ ያስፈርሳል።

ከአከራዮችና ከሹማምንት የሚጠበቅ

ጥፋቱን ሁሉ በነዋሪው ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ነው። ሠላሳ ቤተ ሰብ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ፎቅ ካለ ሒሳቡ ለሁሉም እኩል ይካፈላል። በእንዲህ ያለው ቤት ቧንቧውን ያስጠገነ ሰውና ያላስጠገነ ሰው አንድ ዓይነት ዋጋ ይከፍላሉ፤ ስለዚህ ማንም ለመጠገን አይቸኩልም። ለእያንዳንዱ ቤት የራሱ ቆጣሪና የራሱ መዝጊያ ሲኖረው ግን ጠብታው ባለቤት ያገኛል። የቤት ሥራ ፈቃድ የሚሰጥ ሹም ይህን ከመጀመሪያው በፕላኑ ላይ ቢጠይቅ፥ ኋላ ግድግዳ ከማስበሳት የቀለለ ነው። በኪራይ ውሉም ውስጥ የትኛውን ብልሽት አከራዩ፥ የትኛውን ተከራዩ እንደሚያስጠግን በግልጽ ቢጻፍ ብዙ ክርክር ይቀራል።

እንደዚሁም የፈረቃው ቀንና ሰዓት በትክክል መነገር አለበት። የናይሮቢ የውኃ ድርጅት የየሠፈሩን የማደያ ቀን በሠንጠረዥ ያወጣል፤ ይህ ሥራ መልካም ነው። ሠንጠረዡ ከተግባሩ ጋር ሲገጥም ሕዝቡ ቧንቧውን ዘግቶ ይጠብቃል፤ ሳይገጥም ሲቀር ግን ውኃው ሲመጣ እንዳያመልጠው ከፍቶ ይተኛል። የሹሙ ቃል መጽናት ራሱ ውኃ ይቆጥባል ማለት ነው።

በመጨረሻም በመንገድ ላይ የፈነዳ ቧንቧ አይቶ ያመለከተ ነዋሪ አቤቱታው ተጽፎለት፥ ቁጥር ተሰጥቶት፥ በተወሰነ ቀን ሊጠገንለት ይገባል። ሦስት ጊዜ አመልክቶ ሰሚ ያጣ ሰው አራተኛውን በዝምታ ያልፈዋል። የመንገዱ ቧንቧ ሳምንት ሙሉ ሲፈስስ እየታየ ነዋሪው የቤቱን ጠብታ ይድፈን ብሎ መምከር ሰሚ የለውም። አርአያነቱ ከመሥሪያ ቤቱ መጀመር አለበት፤ በመሥሪያ ቤቶች፥ በትምህርት ቤቶችና በሐኪም ቤቶች ግቢ ያሉት ቧንቧዎች አስቀድመው ይመርመሩ።

ክቡራንና ክቡራት፤

የኢምባካሲ ውኃ ከሩቅ ተራራ ይነሣል፤ ግድብ አቋርጦ፥ ተጣርቶ፥ ብዙ ሠፈር አልፎ፥ በተራው ቀን ከአንዲት እናት በር ይደርሳል። የለገዳዲና የገፈርሳ ውኃም ወደ አዲስ አበባ ቤቶች የሚደርሰው በእንዲህ ያለ ድካም ነው። ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በመጨረሻዋ ክንድ፥ በተበላ ጎማና በተላቀቀ መጋጠሚያ ነው። በአንድ መስመር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ከአንድ እንስራ እንደሚጠጡ ናቸው፤ ከላይ ያለው ሲያፈስስ ከታች ያለው ይጠማል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ ያልፈሰሰውን ግን እያንዳንዱ ቤት ዛሬ ማታ ከመተኛቱ በፊት ሊጠብቀው ይችላል።